በወሎ የምርምር ሥራና ፌሎሺፕ ፍለጋ፦ ገንዘቡ የማን ነው? ጥያቄውስ?

ሰኔ ወይም ሐምሌ ላይ ጋውን ለብሶ የተመረቀ ልጅ መስከረም ሲጠባ «የምርምር ሥራ እፈልጋለሁ» ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያደርገው የቴሌግራም የሥራ ቻናሎችን መቀላቀል ነው። ማስታወቂያው ይጎርፋል፤ የሂሳብ ሠራተኛ፣ የሽያጭ ባለሙያ፣ ሹፌር። የምርምር ሥራ ግን እምብዛም አይታይም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የምርምር ሥራ እንደ ባንክ ቅጥር መደብ ተከፍቶለት አይጠብቅም። አንድ ሰው አንድ ጥያቄ ያነሳል፤ ለዚያ ጥያቄ ከሆነ ቦታ ገንዘብ ያገኛል፤ ሥራው የሚፈጠረው ከዚያ በኋላ ነው። ገንዘቡ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። ስለዚህ የትኛውንም ዕድል ስታዩ አስቀድማችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ገንዘቡ የማን ነው? ጥያቄውስ የማን ነው? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ዝርዝር ነው።

አራት ነገሮች በአንድ ስም

«ነጻ የትምህርት ዕድል» የሚለው አጠራር አራት የተለያዩ ነገሮችን ስለሚጠቀልል ብዙ ሰው ያሳስታል። ስኮላርሺፕ ለትምህርት የሚሰጥ ገንዘብ ነው፤ ተማሪው ኮርሱን ተምሮ ይመረቃል፤ የራሱን የምርምር ሐሳብ እንዲያመጣ ላይጠየቅም ይችላል። ፌሎሺፕ ለሰው የሚሰጥ ነው፤ ጥያቄውን አመልካቹ ያመጣል፤ ሰጪው ደግሞ ሰውየውንና ሐሳቡን መዝኖ ለተወሰነ ጊዜ ኑሮውን ይሸፍንለታል። ግራንት ለሥራው ነው፤ ገንዘቡ በተቋሙ ሂሳብ ገብቶ ለኬሚካል፣ ለነዳጅ፣ ለመረጃ ሰብሳቢ አበል ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ የአመልካቹን ደመወዝ አይከፍልም። የምርምር ረዳትነት ግን ቅጥር ነው፤ ገንዘቡም ጥያቄውም የፕሮፌሰሩ ወይም የፕሮጀክቱ ሆኖ ተቀጣሪው ሙያውንና ጉልበቱን ያመጣል።

ልዩነቱ ማመልከቻው ላይ ነው የሚወጣው። ለረዳትነት የሚያመለክት ሰው ሦስት ገጽ ሙሉ የራሱን ሕልም ቢጽፍ ፕሮፌሰሩ «ይህ ልጅ የእኔን ሥራ አይሠራልኝም» ብሎ ያልፈዋል። ለፌሎሺፕ የሚያመለክት ደግሞ «በተሰጠኝ ርዕስ ሁሉ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ» ካለ፣ ሰጪው የሚፈልገውን ዋናውን ነገር፣ የራስ ጥያቄን፣ አላቀረበም። ትሕትና በባህላችን የሚያስከብር ቢሆንም እዚህ ቦታ ላይ ባዶ ገጽ ሆኖ ይነበባል።

ደጃፍ ላይ ያለው

ወሎ ውስጥ ምርምር የሚሠራባቸው ተቋማት ከሚታሰበው በላይ ናቸው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ፣ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ፣ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ አሉ። ሰሜን ወሎ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ሆኖ በማሽላ፣ በጤፍ፣ በጥራጥሬና በሌሎችም ሰብሎች ላይ ይሠራል። ለጤና ተመራማሪ የደሴ ሆስፒታልና ቦሩ ሜዳ አሉ፤ ቦሩ ሜዳ በቀድሞው የሥጋ ደዌ ሕክምናውና በቆዳ በሽታ አገልግሎቱ የታወቀ ስለሆነ በዚያ ዘርፍ ላይ መሥራት ለሚፈልግ ሰው እዚሁ አጠገቡ ያለ ዕድል ነው።

በዩኒቨርሲቲ በቋሚነት ለመቀጠር የመጀመሪያው በር ግራጁዌት አሲስታንት የሚባለው መደብ ነው፤ ከዚያ አሲስታንት ሌክቸረር፣ ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር እያለ ይቀጥላል። ማስታወቂያው በግቢው ሰሌዳ፣ በተቋሙ ድረ ገጽና ፌስቡክ፣ አንዳንዴም በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ይወጣል። የምዝገባ ጊዜው አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ «ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ይላል። ማስታወቂያውን በስድስተኛው ቀን ያየ ሰው ወረቀቱ ካልተዘጋጀ አለቀለት። የሚጠየቀው የትምህርት ማስረጃ ዋናውና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተመረቀ የመውጫ ፈተናውን ማለፉ ይታያል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ከዚያ የጽሑፍ ፈተና፣ በክፍል ውስጥ የማስተማር ሙከራ፣ ቃለ መጠይቅ ይከተላል።

እዚህ ላይ ሰው ሳያስበው የሚወድቅበት አንድ ነገር አለ፦ የሥራ ልምድ ደብዳቤ። በግል ድርጅት ወይም በግብረ ሰናይ ድርጅት የተሠራ ልምድ የሥራ ግብር መከፈሉ ካልተገለጸበት በመንግሥት ተቋም ላይቆጠር ይችላል። ሁለት ዓመት የለፋ ሰው ደብዳቤው ላይ አንድ መስመር ስለጎደለ «ልምድ የለውም» ተብሎ ይመለሳል። ከድርጅቱ ስትለቁ ደብዳቤው የተጀመረበትና ያበቃበት ቀን፣ የሥራ መደብ፣ ደመወዝና ግብር መከፈሉ እንዲጻፍበት እዚያው ጠይቁ። ከዓመት በኋላ ድርጅቱ ፕሮጀክቱን ዘግቶ ቢሮውን ለቆ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ማስታወቂያ የማይወጣላቸው ሥራዎች

መረጃ ሰብሳቢ፣ ሱፐርቫይዘር፣ መረጃ አስገቢ፣ የላቦራቶሪ ረዳት፣ የመስክ ረዳት፤ የምርምር ሕይወት በብዛት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ክፍያው የቀን አበል ነው፤ ጊዜውም ከሁለት ሳምንት እስከ ጥቂት ወር ይደርሳል። አንድ መምህር ገንዘብ ሲለቀቅለት ጊዜ ስለሌለው ከሚያውቃቸው ሰዎች ይመርጣል። ይህን አድልዎ ብሎ መተው ይቻላል፤ የተሻለው ግን ከሚታወቁት አንዱ መሆን ነው። እንዴት?

አንደኛ፣ የገንዘቡን ምንጭ አነፍንፉ። በአካባቢያችን ያሉ መምህራን ያሳተሟቸውን ጽሑፎች በጉግል ስኮላር ፈልጋችሁ ከመጨረሻው ጀምራችሁ አንብቡ። «ምስጋና» ወይም «የገንዘብ ድጋፍ» በሚለው ክፍል ማን እንደከፈለ ተጽፏል። አንድ ሰው ሁለትና ሦስት ጽሑፍ ላይ የአንድ ድርጅት ስም ከደገመ ከዚያ ድርጅት ጋር ግንኙነት አለው ማለት ነው፤ ቀጣዩም ፕሮጀክት ወደ እሱ የመምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው። ሁለተኛ፣ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ጥናታቸውን የሚከላከሉበትን ቀን ከሰሌዳ ላይ አይታችሁ ገብታችሁ አዳምጡ። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ማን ምን እንደሚያጠና፣ የትኛው መምህር ምን ዓይነት ስሕተት እንደማይታገስ ትማራላችሁ። ሦስተኛ፣ አንድ መሣሪያ በደንብ ያዙ። ለመስክ መረጃ ኦዲኬ ወይም ኮቦ ኮሌክት፣ ለትንተና አር ወይም ስታታ፣ ለካርታ ኪውጂአይኤስ፣ ለማጣቀሻ ዞቴሮ። ከስታታ በስተቀር እነዚህ ያለ ክፍያ የሚወርዱ ናቸው። «ኮምፒውተር እችላለሁ» ማለት ምንም አይናገርም፤ «በኮቦ ኮሌክት ዝላይ ያለው መጠይቅ (መልሱን እያየ የማይመለከተውን ጥያቄ የሚያልፍ) መሥራት እችላለሁ» ማለት ግን አንድን መምህር ከሳምንት ሥራ ያድነዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የማይታሰብ ሀብት አለ፤ ቋንቋ። ከሚሴና ባቲ አካባቢ የሚሠራ ጥናት ኦሮምኛና አማርኛ እኩል የሚናገር ሰው ይፈልጋል፤ ወደ አፋር ድንበር ሲወርድ አፋርኛም ያስፈልጋል። መጠይቁ በአማርኛ ተጽፎ ቤት ለቤት ሲሄዱ በቃል እየተረጎሙ መጠየቅ መረጃውን ያበላሻል፤ ጠንቃቃ ተመራማሪ ይህን ያውቃል። ይህን ችሎታ ሲቪያችሁ ላይ «ቋንቋ» በሚል ጥግ ሳይሆን ከላይ ጻፉት።

የ384 ነገር

ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ለመምህራን የውስጥ የምርምር ጥሪ ያወጣሉ፤ የሚመራው በምርምርና ማኅበረሰብ አገልግሎት ምክትል ፕሬዚዳንት ቢሮ ነው። አዲስ የተቀጠረ ረዳት በዋና ተመራማሪነት ባይገባም በአባልነት መግባት ይችላል፤ ብዙ ቡድን የሚጽፍ እጅ ይፈልጋል። የሚጽፉት ደግሞ አንድ ቁጥር ላይ ይደናቀፋሉ፤ በጥናቱ የሚጠየቁት ሰዎች ብዛት፣ ማለትም የናሙናው መጠን ላይ።

ማንኛውም የጤና ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ 384ን ያውቃታል። ከየት እንደመጣች ግን ጥቂቱ ብቻ ነው የሚያስረዳው። የሚጠናው ነገር ከሕዝቡ 50 በመቶው ላይ ይገኛል ተብሎ ሲገመት፣ እርግጠኝነቱ 95 በመቶ፣ የስሕተት ወሰኑ 5 በመቶ ሲሆን፦ 1.96 በራሱ ተባዝቶ፣ በ0.5 እና በ0.5 ተባዝቶ፣ ለ0.0025 ሲካፈል 384 ይሆናል። 10 በመቶ መልስ ላይሰጥ ይችላል ተብሎ ሲጨመርበት 423 ገደማ ይሆናል። እስከዚህ ልክ ነው። ነገር ግን ስሌቱ የሚሠራው ከሙሉ ዝርዝር ላይ በዕጣ አንድ በአንድ ለሚመረጡ ሰዎች ነው። ቀበሌ መርጦ፣ ከቀበሌው ጎጥ መርጦ፣ ከጎጡ ቤት የሚመርጥ ጥናት ላይ ጎረቤታሞች ስለሚመሳሰሉ ቁጥሩ በ1.5 ወይም በ2 መባዛት አለበት። በ2 ሲባዛ 768፣ መልስ የማይሰጡት ሲጨመሩ 845 ይሆናል። ናሙናው በእጥፍ ሲያድግ አበሉ፣ ነዳጁ፣ የመስክ ቀኑ ሁሉ አብሮ ያድጋል። ገምጋሚው የናሙና አመራረጡ በደረጃ ሆኖ ቁጥሩ 423 ሆኖ ሲያየው «ከሌላ ሰው ተገልብጧል» ብሎ ያስባል። ብዙ ጊዜም ልክ ነው።

ሌላው የጊዜ ሰሌዳ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ፕሮፖዛሉ ጥቅምት ላይ ጸድቆ፣ ውል ኅዳር ላይ ተፈርሞ፣ ግዢው ተጓትቶ ዕቃው ግንቦት ላይ ሊደርስ ይችላል። በወሎ ደጋ ደግሞ የበልግ ዝናብ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው። በበልግ ገብስ ላይ የሚሠራ ሰው ገንዘቡ ግንቦት ላይ ከደረሰው ማሳው ታጭዶ ወይም ሊታጨድ ደርሶ ነው የሚያገኘው፤ በጀቱ ደግሞ ሰኔ 30 ይዘጋል። የሥራ ዕቅዱ ላይ የመጀመሪያው ወር ግዢ የማይፈልግ ሥራ ይሁን፦ የሥነ ምግባር ፈቃድ ማውጣት፣ የወረዳ የትብብር ደብዳቤ ማጻፍ፣ መጠይቅ መተርጎም፣ ያለውን መረጃ መሰብሰብ። የላቦራቶሪ ሥራ ካለ፣ መሣሪያው በዝርዝር ላይ መኖሩን ሳይሆን መሥራቱን ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። ጦርነቱ ወሎ በደረሰ ጊዜ የዩኒቨርሲቲዎቻችን ላቦራቶሪዎች ክፉኛ ተጎድተዋል፤ የተተካውም ሁሉ ሥራ አልጀመረ ይሆናል።

ከሀገር ውጭ ሲታሰብ

ብዙ ሰው የማያውቀው ትልቅ ነገር ይህ ነው፦ በስዊድን፣ በኖርዌይ፣ በዴንማርክና በኔዘርላንድ ሦስተኛ ዲግሪ ባብዛኛው ቅጥር ነው። ደመወዝ ይከፈላል፤ ማስታወቂያው በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ «ስኮላርሺፕ» በሚለው ሳይሆን «ክፍት የሥራ ቦታ» በሚለው ሥር ነው የሚወጣው። ዓመቱን ሙሉ ይወጣል፤ አንዱ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ክፍት ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት ዩራክሰስ የሚባለው የተመራማሪዎች ድረ ገጽ እነዚህን በአንድ ቦታ ያቀርባል። በዚያ ላይ የማሪ ኩሪ የሦስተኛ ዲግሪ ኔትወርኮች የሚሉትን ፈልጉ፤ ዜግነት አይገድቡም። ዋናው ደንባቸው ካለፉት 36 ወራት ውስጥ በተቀባዩ አገር ከ12 ወር በላይ አለመኖር ነው፤ ከደሴ ለሚያመለክት ሰው ይህ እንቅፋት አይሆንም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ወደ ሦስተኛ ዲግሪ የሚገባ ተማሪ የሚማርበትን ገንዘብ ባብዛኛው የሚያገኘው በምርምር ወይም በማስተማር ረዳትነት ነው፤ በትምህርት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ይሠራል። ማመልከቻው ባብዛኛው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይዘጋል። የማመልከቻ ክፍያ የማይችል ሰው ከክፍያው ነጻ እንዲደረግ ለዩኒቨርሲቲው ጽፎ መጠየቅ ይችላል፤ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ።

ከፌሎሺፖቹ መካከል ለእኛ አካባቢ ሰው የሚሆኑ ጥቂቶች አሉ። ጣሊያን ትሪዬስቴ ያለው ትዋስ በ1983 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የታዳጊ አገሮች የሳይንስ አካዳሚ ነው፤ ከተለያዩ የእስያና የሌሎችም ታዳጊ አገሮች ተቋማት ጋር ሆኖ የሦስተኛ ዲግሪና ከዚያ በላይ ዕድል ይሰጣል። እዚያው ትሪዬስቴ ኦ.ደብሊው.ኤስ.ዲ. የሚባለው የሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት አለ፤ በሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ ላላቸው ሴቶች በሌላ ታዳጊ አገር የሦስተኛ ዲግሪ ፌሎሺፕ አለው። ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን እዚያ እየሆኑ የሚማሩበትም ዓይነት ስላለው ልጅ ላላት መምህርት ያመቻል። የጀርመኑ የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ዳድ እዚሁ በአፍሪካ ውስጥ ባሉ ተቋማት ለመማር የሚከፍልበት ፕሮግራም አለው፤ ሲሪንቃ ላይ በተባይ ጥናት የሚሠራ ባለሙያ ናይሮቢ ያለውን ኢሲፔ የተባለ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ከዚህ ጋር አያይዞ ቢያይ ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ያለው ኢልሪ የተባለ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ለእንስሳት እርባታና ለግጦሽ ጥናት ተማሪዎችን ከዩኒቨርሲቲያቸው ጋር ተስማምቶ ይቀበላል። የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ የሆነው ኢራስመስ ሙንዱስ ለሁለተኛ ዲግሪ በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር ይሰጣል፤ ጥሪው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይበዛል። በወሎ አጀሚ ጽሑፍና መንዙማ፣ በገዳማት ብራና ላይ ለሚሠራ ሰው የብሪቲሽ ላይብረሪ ለአደጋ የተጋለጡ ጽሑፎችን በዲጂታል ለማቆየት የሚሰጠው ግራንት አለ፤ እሱ ግን ግራንት ስለሆነ ተቋም ይዞ ማመልከት ይፈልጋል። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕን ደግሞ በቴሌግራም ስታዩት እለፉት፤ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም።

ትዋስም ኦ.ደብሊው.ኤስ.ዲ.ም ከማመልከቻው ጋር ከተቀባዩ ተቋም የመቀበያ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ደብዳቤውን የሚሰጠው ፕሮፌሰር ነው፤ ፕሮፌሰሩን የምታገኙት በኢ-ሜይል ነው። ስለዚህ ስለ ኢ-ሜይሉ ትንሽ እንቆይ።

አንድ ኢ-ሜይል

ብዙ ጊዜ የሚላከው እንዲህ ነው፦ «የተከበሩ ፕሮፌሰር ሆይ፣ ከኢትዮጵያ ነኝ። በውኃ ምሕንድስና ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ። በታላቁ ዩኒቨርሲቲዎ ሦስተኛ ዲግሪ የመማር ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ። እባክዎ ስኮላርሺፕ ይፈልጉልኝ።» ከሥሩ ስድስት ፋይል ተያይዟል። ፕሮፌሰሩ በሳምንት ብዙ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ሁሉም አንድ ስለሆኑ አንዱንም አይመልስም። ጽሑፉ ስለ እሱ ሥራ ምንም አላነሳም፤ ገንዘቡን ደግሞ እሱ እንዲፈልግ ጠይቋል።

የተሻለው ይህን ይመስላል፦ «የቦርከና ተፋሰስን የውኃ ፍሰት በስዋት ሞዴል ለሁለተኛ ዲግሪ አጥንቻለሁ። ሞዴሉ በክረምት ጥሩ ሆኖ በበልግ ወራት ግን ፍሰቱን አሳንሶ ያሳያል፤ ምክንያቱ የዝናብ ጣቢያዎቹ ጥቂት መሆናቸው ይመስለኛል። ባለፈው ዓመት ባሳተሙት ጽሑፍ የሳተላይት ዝናብን ከጣቢያ መረጃ ጋር ያዋሐዱበት መንገድ ይህን ሊፈታ ይችላል ብዬ አምናለሁ። በኦ.ደብሊው.ኤስ.ዲ. ፌሎሺፕ ለማመልከት አስቤያለሁ፤ ገንዘቡ ከዚያ ስለሚመጣ ከእርስዎ የምፈልገው የመቀበያ ደብዳቤ ነው። ሁለት ገጽ ሐሳብና ሲቪዬን አያይዣለሁ።» ከመቶ ቃል አያልፍም። ጥያቄው የማን እንደሆነ፣ ገንዘቡ የማን እንደሆነ፣ ከፕሮፌሰሩ የሚፈለገው ምን እንደሆነ በግልጽ ተቀምጧል። ድክመቱንም አልደበቀም፤ ፕሮፌሰሩን እንዲያነብ የምታደርገው «ሞዴሉ በበልግ ያሳንሳል» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ናት። መልስ ካልመጣ ከአሥር ቀን ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ማስታወስ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ ሰው።

ወረቀቱ የሚበላሽባቸው ቦታዎች

የስም አጻጻፍ። መሐመድ፣ ሰይድ፣ እንድሪስ፣ ሁሴን በላቲን ፊደል በሦስትና በአራት መንገድ ይጻፋሉ። መሐመድ በአንድ «ም» በትራንስክሪፕቱ፣ በሁለት «ም» በፓስፖርቱ፤ እንድሪስ በአንዱ በ«ኢ» በሌላው በ«አይ» ፊደል ጀምሮ ከተገኘ የውጭው ተቋም ሁለት ሰው አድርጎ ያያችኋል። በፓስፖርቱ ላይ ያለውን አጻጻፍ መሠረት አድርጋችሁ ሌላውን ሁሉ በእሱ አስተካክሉ፤ ሬጅስትራር ከመመረቃችሁ በፊት በቀላሉ ያስተካክልላችኋል፤ ከተመረቃችሁ በኋላ ግን ወራት ይፈጃል። ጽሑፍ ማሳተም ከጀመራችሁ ኦርኪድ የተባለውን ባለ 16 አኀዝ የተመራማሪ መለያ ያለ ክፍያ አውጡ፤ ስማችሁ በየትኛውም አጻጻፍ ቢታተም መለያው አንድ ነው።

የዓመተ ምሕረት ለውጥ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ አካባቢ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ይጨመራል። ጥቅምት 2016 የተመረቀ በ2023 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጥር 2016 መጨረሻ ላይ የተመረቀ ግን በ2024። ዳድ በብዙ ፕሮግራሞቹ የመጨረሻው ዲግሪ ከስድስት ዓመት ያልበለጠ እንዲሆን ስለሚጠይቅ የአንድ ዓመት ስሕተት ከውድድር ሊያስወጣ ይችላል።

ሰዓት። ማብቂያው «12:00 በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት» ከሆነ በበጋ ወራት (በአውሮፓ ብርድ ጊዜ) የእኛ ከቀኑ 8፡00 ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ማታ ነው ብሎ የጠበቀ ሰው አራት ሰዓት ዘግይቷል። «23:59» ከሆነ ደግሞ ከሌሊቱ 7፡59 ነው፤ መብራት ቢጠፋ ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥ በዚያ ሰዓት ማንም አይደርስላችሁም። ማብቂያው ሦስት ቀን ሲቀረው ጨርሳችሁ ላኩ።

ውጤት። የጀርመን ተቋማት የእኛን ነጥብ ወደ ራሳቸው የሚቀይሩበት ቀመር አላቸው፦ ከከፍተኛው ነጥብ ላይ የእናንተን ቀንሱ፤ ከከፍተኛው ላይ ማለፊያውን ቀንሱ፤ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ፤ በ3 አባዙ፤ 1 ጨምሩ። በመጀመሪያ ዲግሪ 3.2 ያለው ሰው ከፍተኛው 4፣ ማለፊያው 2 ሆኖ 0.8 ለ2 ተካፍሎ በ3 ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት 2.2 ይሆናል። እዚያ ትንሹ ቁጥር የተሻለ ስለሆነ 2.2 ጥሩ ነው፤ «ነጥቤ ወረደ» ብሎ ማመልከት የተወ ሰው ዕድሉ በከንቱ አምልጦታል።

ሪኮመንዴሽን። መምህራችሁን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጠይቁ፤ ሲቪያችሁን፣ የጥናታችሁን ማጠቃለያ፣ የጥሪውን ማብቂያ ቀን በአንድ ገጽ ሰብስባችሁ ስጡት። ደብዳቤውን ሲስተሙ የሚጠይቀው ከመምህሩ በቀጥታ ነው፤ ከተቋም ኢ-ሜይል ሳይሆን ከጂሜይል ሲላክ አንዳንዱ ተቋም ይጠራጠራል፤ ስለዚህ የመምህሩን የዩኒቨርሲቲ አድራሻ አስገቡ። ጥያቄው የማይፈለጉ መልእክቶች ውስጥ ሊወድቅ ስለሚችል ሊንኩ እንደደረሰው ደውላችሁ አረጋግጡ። «መምህሬን ማስቸገር አልወድም» ብሎ ዝም ያለ ሰው ማመልከቻው ሳይሞላ ይቀራል።

የእንግሊዝኛ ፈተና በውጭ ምንዛሪ ስለሚከፈል ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይቆማል። ከመክፈላችሁ በፊት ጥሪውን አንብቡ፤ ብዙ ተቋም ትምህርታችሁ በእንግሊዝኛ እንደተሰጠ የሚገልጽ የሬጅስትራር ደብዳቤ ይቀበላል።

ገንዘብ የሚጠይቅ «ፌሎሺፕ» ሲገጥማችሁ፣ በተለይ «ተመርጠሃል፤ የማስፈጸሚያ ክፍያ ላክ» የሚል፣ መልስ አትስጡ። እውነተኛ ሰጪ ከተመረጠ ሰው ገንዘብ አይቀበልም። በአንድ ሳምንት አሳትማለሁ ብሎ ክፍያ የሚጠይቅ መጽሔትም እንዲሁ ነው፤ በዚያ የወጣ ጽሑፍ ሲቪ ላይ ሲታይ ከመጥቀም ይልቅ ይጎዳል።

ከመፈረም በፊት

ዩኒቨርሲቲው ለትምህርት የሚልካችሁ ከሆነ የአገልግሎት ግዴታ ውል ይኖራል፤ ዋስም ይጠየቃል። ስንት ዓመት ማገልገል እንዳለባችሁ፣ ትምህርቱ ቢቋረጥ የሚመለሰው ገንዘብ ስንት እንደሆነ፣ ደመወዙ በትምህርት ጊዜ ይቀጥል እንደሆነ በጽሑፍ እዩ። ዋስ የሆነላችሁ አጎት ወይም ጎረቤት ምን ላይ እንደፈረመ ገልጣችሁ ንገሩት፤ ግዴታው ባይፈጸም የሚጠየቀው እሱ ነው።

የፕሮጀክት ውል ላይ ደግሞ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ አበሉ የሚከፈለው በቀን ነው ወይስ በተሞላ መጠይቅ፣ ግብር ተቀንሶ ነው ወይስ ሳይቀነስ፣ የሚከፈለውስ መረጃው ሲገባ ነው ወይስ ሪፖርቱ ሲጸድቅ። ሪፖርቱ ሲጸድቅ ከሆነ ብዙ ወር ሊቆይ ስለሚችል የመስክ ትራንስፖርትና ማደሪያ በቅድሚያ እንዲሰጣችሁ አሁኑኑ ጠይቁ። ትንተናውንም የምትሠሩት እናንተ ከሆናችሁ ጽሑፉ ሲወጣ ስማችሁ ከጸሐፊዎቹ መካከል ይገባ እንደሆነ በኢ-ሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ደንበኛ የምርምር ሥርዓት ነው። የሚጠየቀው ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው።